መርፌ መያዝ አያሳፍርም

ባለፈው ሳምንት የአንድ ጓደኛችን ሸሚዝ ቁልፍ ተበጠሰ። በመኝታ ክፍሉ የነበርነው 6 ተማሪዎች እርስ በርስ ተያየን፤ መርፌ ይዞ የሚያውቅ አንድ እንኳ አልተገኘም። ለካ እስከዛሬ ያልተማርነው ሥራውን ንቀን ኖሯል።

መስፋት የሴት ሥራ ነው የሚል ቢኖር ገበያ ወጥቶ ይመልከት፤ ከስፌት መኪና ጀርባ የተቀመጡት ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ንቀቱ ግን ከእኛ ከተማርነው እንኳ ገና አልወጣም።

ስለዚህ ጀመርን። ክሩ ከክንድ ሲረዝም እንደሚወሳሰብ አየን። ከቁልፉ ጋር የክብሪት እንጨት አብረን ሰፋን፤ እንጨቱን ስበን አውጥተን በቁልፉና በጨርቁ መካከል ክሩን ጠመጠምነው፤ ቁልፉም ሳይጨናነቅ ገባ። ጣታችን ተወጋ፣ ስፌታችን ተጣመመ፣ ፈተን እንደገና ሰፋን። ያን ጊዜ የሰፊው ድካም ገባን።

ወንድሞቻችን ሆይ፣ በየክፍላችሁ መርፌና ክር ይኑር። መምህሮቻችንም አይሳቁብን፤ በምረቃ ቀን የምንለብሰውን ካባ የሰፋልን ባለእጅ ነውና።