የገና ዱላ ልክ ይኑረው

ታኅሣሥ 29 በመንዝ ደጋ ገና የሚመታው ሰው ጫፉ የተቆለመመ ዱላውን ለቁመቱና ለክንዱ እንዲስማማ አድርጎ ያበጃል። መንደር ከመንደር ሲጋጠም ማንም ዱላ አይለካም። ይሁንና ገና ዛሬ ከትግል፣ ከገበጣና ከፈረስ ጉግስ ጋር በአገር አቀፍ የባህል ስፖርቶች ውድድር ይቀርባል፤ ውድድር ደግሞ ደንብ ይፈልጋል። ለዱላው ርዝመት ጣሪያ ሊበጅለት ይገባል፤ ለተከላካይ ግን የተለየ ረጅም ዱላ መፍቀድ አያስፈልግም እላለሁ።

በዚህ ጉዳይ ብዙ የተፈተነው የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጨዋታ የሆነው ላክሮስ ነው። እዚያ ዱላው ጫፉ ላይ መረብ አለው፤ ኳሱ በመረቡ ተይዞ ይወረወራል። በወንዶች የሜዳ ጨዋታ አንድ ቡድን 10 ተጫዋቾች ያሰልፋል። አጭሩ ዱላ ከ102 እስከ 107 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ የተከላካዮቹ ከ132 እስከ 183 ይደርሳል፤ የሰው ቁመት ያህል ማለት ነው። ባለረጅም ዱላው አጥቂውን ሳይጠጋ እጁ ላይ ይደርስበታል፣ የኳስ መንገዱንም ይዘጋበታል። በአንጻሩ በጠባብ ቦታ መዞርና ኳስ መቀበል ይከብደዋል። ከግብ ጠባቂው ሌላ ረጅም ዱላ የሚይዙት ከአራት መብለጥ ስለማይችሉ፣ አሠልጣኙ ሜዳውን በዱላ አጥር መዝጋት አይችልም።

ደንቡ ብልህ ነው፤ ለገና ግን አይሆንም። የላክሮስ ወንዶች ይህን ሁሉ የሚያደርጉት የራስ ቁርና ጓንት አድርገው ነው። የሜዳ ተጫዋቾቻቸው የራስ ቁር እንዲያደርጉ በማይገደዱበት በሴቶቹ ጨዋታ፣ ከግብ ጠባቂዋ በቀር አጥቂም ተከላካይም የሚይዙት ዱላ ከ90 እስከ 110 ሴንቲ ሜትር ነው። በ2028 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በሚቀርበው ስድስት ለስድስት ጨዋታም የሜዳ ተጫዋቾች ረጅም ዱላ አይዙም፤ ሜዳው ትንሽ፣ ሩጫው ፈጣን ነውና። በገና ኳሷ፣ ማለትም ሩሯ፣ መሬት ላይ ሆና በሙሉ ክንድ ትመታለች፤ ዱላ በረዘመ ቁጥር ጫፉ ይፈጥናል። ቁርጭምጭሚትም ግንባርም ያለ መከላከያ በሚጋፋበት ሜዳ አንድ ክንድ ጭማሪ ርዝመት አጥንት ሊሰብር ይችላል።

ሌላም ምክንያት አለ። በባህላዊው ገና አጥቂና ተከላካይ ብሎ የተከፈለ ቦታ የለም፤ ሩሯ የሄደችበት ሁሉም ይሮጣል። ረጅም ዱላ ብንፈቅድ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው እንፈጥራለን፤ የጨዋታው ውበት ግን ሩጫው ነው።

ደንብ ባህልን ይገድላል የሚል ካለ፣ ከመንዟ ከተማ ከመሐል ሜዳ ሳይርቅ የጓሳን የሣር ምድር ይመልከት። የመንዝ ሰው ቄሮ በተባለው ባህላዊ ሥርዓት ሣሩ የሚታጨድበትን ጊዜ ራሱ ወስኖ፣ ለዓመታት ዘግቶ በወቅቱ ይከፍት ነበር። የዱላውንም ልክ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ቢወስኑት ይሻላል። ለአዋቂ ከመሬት እስከ ወገብ የሚደርስ ጣሪያ ይበጅና፣ ከዚያ በታች እያንዳንዱ ለክንዱ የሚስማማውን ያብጅ። ዳኛው ከጨዋታው በፊት ሁለቱንም ወገን አሰልፎ ይለካ፤ የረዘመውን ባለቤቱ እዚያው ይቁረጠው።