ቶሎ ማወቅ ብቻውን አያድንም፦ የኦቫሪ ካንሰር ምርምር ለጤና ፖሊሲ ያለው ትምህርት

ስለ ካንሰር የሚሰጠው የጤና ትምህርት በአብዛኛው «ሳይቃጠል በቅጠል» በሚለው ብሂል ላይ የቆመ ሲሆን፣ በሽታው ቶሎ ከተደረሰበት ይድናል፣ ቶሎ የሚደረስበትም ምንም ሕመም የማይሰማቸው ሰዎች በየጊዜው ሲመረመሩ ነው የሚለው እምነት በሐኪሙም በታካሚውም ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። እምነቱ ለማህፀን በር ካንሰር ትክክል መሆኑ ተረጋግጧል፤ በማህፀን በር ላይ የሚታየው ለውጥ ወደ ካንሰርነት እስኪቀየር ዓመታት ስለሚፈጅ በዚያ መካከል አግኝቶ ማስወገድ ይቻላል። ኦቫሪ በሚባሉት፣ ከማህፀን ግራና ቀኝ ተቀምጠው የሴቷን እንቁላል በሚያመርቱት ሁለት ትናንሽ አካላት ላይ ለሚታየው ካንሰር ግን ይኸው እምነት በሁለት ታላላቅ ጥናቶች ከ280 ሺህ በላይ በሆኑ ሴቶች ላይ ተፈትኖ አልጸናም። ውጤቱ በቅጡ ሲጤን የሚያመለክተው፣ በኦቫሪ ካንሰር የሚሞቱ ሴቶችን ቁጥር ለመቀነስ የሚሻ የጤና ፖሊሲ ጤነኛ ሴቶችን በጅምላ በመመርመር ላይ ሳይሆን በሽታው እንዳይፈጠር በመከላከል፣ ምልክት ያየችን ሴት ሳያመላልሱ ለምርመራ በማብቃትና የተሟላ ቀዶ ሕክምናን ከመድኃኒት ጋር በማዳረስ ላይ መመሥረት እንዳለበት ነው።

የጅምላ ምርመራው ተስፋ ከየት እንደመጣ መረዳት አስቸጋሪ አይደለም። በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ 324 ሺህ ያህል ሴቶች በኦቫሪ ካንሰር መያዛቸው ሲታወቅ፣ በዚያው ዓመት 207 ሺህ ያህል ሴቶች በዚሁ በሽታ ሕይወታቸው አልፏል። በአሜሪካ የካንሰር መዝገብ መሠረት በሽታው ከኦቫሪው ሳይወጣ ከተገኘባቸው ሴቶች መካከል ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ከአምስት ዓመት በላይ ሲኖሩ፣ ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍሎች ከተሰራጨ በኋላ ከተገኘባቸው መካከል ግን ይህን ያህል የሚቆዩት ከአሥሩ ሦስቱ ያህል ብቻ ናቸው። አብዛኞቹ ታካሚዎች ደግሞ የሚገኙት በዚህ በኋለኛው ደረጃ ላይ ነው። ስለዚህ ታካሚዎችን ከኋለኛው ደረጃ ወደ ፊተኛው ማምጣት ከተቻለ ሞት ይቀንሳል ብሎ ማሰብ ከማንም የሚጠበቅ ነበር።

ለዚህ የሚሆን መሣሪያም የተገኘ መስሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ባስትና ባልደረቦቹ ሲኤ 125 የተባለ፣ በብዙ የኦቫሪ ካንሰር ታካሚዎች ደም ውስጥ መጠኑ የሚጨምር ፕሮቲን ለይተው ካወጡ በኋላ፣ ይህን የደም ምርመራ ከአልትራሳውንድ ጋር አጣምሮ ሴቶችን በየዓመቱ የመመርመር ሐሳብ ተጠናከረ። ሐሳቡን በሰፊው የፈተነው የብሪታንያ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2005 ድረስ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 74 የሆኑ፣ የወር አበባቸው የተቋረጠ 202 ሺህ ያህል ሴቶችን መዝግቦ በዕጣ በሦስት ከፈለ፤ አንደኛው ቡድን በየዓመቱ ሲኤ 125 ሲለካለት፣ ሁለተኛው በየዓመቱ በአልትራሳውንድ ሲታይ፣ የእያንዳንዳቸውን እጥፍ ያህል የሆነው ሦስተኛው ቡድን ምንም የተለየ ምርመራ አልተደረገለትም። በደም ምርመራው ቡድን ውስጥ የእያንዳንዷ ሴት ውጤት ከራሷ ያለፉ ዓመታት ውጤት ጋር እየተነጻጸረ ለውጡ በስሌት ይተነተን ስለነበር፣ የአሠራሩ ጥራት ከዚያ በፊት ከነበሩት ሁሉ የላቀ ነበር።

ከ16 ዓመታት በላይ ክትትል በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ውጤት የብዙዎችን ግምት የሻረ ነበር። በደም ምርመራው ቡድን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ የተገኘው ካንሰር ካልተመረመሩት ጋር ሲነጻጸር በ39 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ማለትም ምርመራው በሽታውን ቶሎ በማግኘት ረገድ ሠርቷል። በበሽታው የሞቱት ግን በደም ምርመራው ቡድን 296፣ በአልትራሳውንዱ ቡድን 291፣ በእጥፍ በሚበልጠው ያልተመረመረ ቡድን ደግሞ 619 ሲሆኑ፣ ይህ በሦስቱም ዘንድ ከመቶ 0.6 ያህል ነው። ቶሎ መገኘቱ የሞት ቀጠሮን አላራዘመም። ከዚህ ቀደም ብሎ 78 ሺህ ያህል ሴቶችን ያሳተፈውና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው የአሜሪካ ጥናትም በሞት ላይ ልዩነት ሳያገኝ፣ ምርመራው ራሱ የሚያደርሰውን ጉዳት በግልጽ አሳይቷል፤ ካንሰር ሳይኖርባቸው ምርመራው «አለ» ካላቸው 3,285 ሴቶች መካከል 1,080 ያህሉ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሲሆን፣ ከእነዚህም 15 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ከባድ የጤና ጉዳት ደርሶባቸዋል። የአሜሪካ የመከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2018 ምልክት የሌላቸውና በዘር የሚወረስ ከፍተኛ ተጋላጭነት የሌለባቸው ሴቶች ለኦቫሪ ካንሰር እንዳይመረመሩ የመከረው በዚህ ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ምርመራው ለምን ሕይወት እንዳላዳነ የሚያስረዳው የበሽታው አነሳስ ነው። የኦቫሪ ካንሰር በአንድ ስም የሚጠሩ የተለያዩ በሽታዎች ስብስብ ሲሆን፣ ብዙዎቹን የሚገድለው ሴረስ የተባለው በፍጥነት የሚያድግ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የሆላንድ ተመራማሪዎች በዘር በሚወረስ ተጋላጭነት የተነሳ ቱቦና ኦቫሪያቸውን አስቀድመው ያስወጡ ሴቶችን የማህፀን ቱቦ ሲመረምሩ ወደ ካንሰርነት የሚያመራ የሕዋስ ለውጥ አገኙ። እስከዚያ ድረስ የፓቶሎጂ ባለሙያዎች ከቱቦው አንድ ወይም ሁለት ናሙና ብቻ ቆርጠው ማየት ልማዳቸው ነበር፤ በቦስተን ክሪስቶፈር ክረምና ባልደረቦቹ ግን ከኦቫሪው አጠገብ ያለውን፣ እንደ ዘርፍ የተበጣጠሰውን የቱቦውን ጫፍ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊሜትር ስስ አድርገው እየከተፉ ሙሉ በሙሉ በማይክሮስኮፕ ሲያዩ፣ በዓይን የማይታይና በአልትራሳውንድ የማይደረስበት ጅምር ካንሰር በተደጋጋሚ ታያቸው። በዚህ መንገድ የኦቫሪ ካንሰር ከሚባለው አብዛኛው የሚነሳው ከማህፀን ቱቦ ጫፍ መሆኑ ቀስ በቀስ ተቀባይነት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2017 በጥቂት ታካሚዎች ላይ የተካሄደ የዘረመል ጥናት ደግሞ በቱቦው ውስጥ ያለው ጅምር ወደ ኦቫሪ ካንሰርነት እስኪደርስ ሰባት ዓመት ያህል እንደሚወስድ፣ ከዚያ በኋላ ግን ስርጭቱ እጅግ ፈጣን እንደሆነ አመልክቷል። ሕዋሳቱ ከቱቦው ጫፍ በቀጥታ ወደ ሆድ ዕቃ ስለሚረግፉ፣ በሞራውና በአንጀቱ ሽፋን ላይ ለመዝራት ሌላ መንገድ አያስፈልጋቸውም። ደም ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሲጨምር ወይም አልትራሳውንዱ እባጭ ሲያሳይ ገዳዩ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ጉዞውን ጨርሷል።

ይህ ግኝት ተስፋ አስቆራጭ ቢመስልም የመከላከያውን በር የከፈተው እርሱው ነው። በካናዳዋ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ2010 የማህፀን ሐኪሞች ሁለት ነገሮችን እንዲያደርጉ ተጠየቁ፤ አንደኛ፣ በሌላ ምክንያት ማህፀኗ ለሚወጣ ወይም መውለድ በቅቷት ቱቦዋን ለማስቋጠር ለመጣች ሴት ኦቫሪዎቿን ሳይነኩ ቱቦዎቿን ሙሉ በሙሉ እንዲያወጡ፣ ሁለተኛ፣ ሴረስ ዓይነት የኦቫሪ ካንሰር ያለባት ታካሚ ሁሉ የዘረመል ምርመራ እንድታገኝ እንዲልኩ። ኦቫሪዎቹ በቦታቸው ስለሚቆዩ ሴቲቱ ያለ ዕድሜዋ አታርጥም። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመው ክትትል፣ ቱቦዎቻቸው ከወጣላቸው 25,889 ሴቶች መካከል በስሌት አምስት ያህል የሴረስ ካንሰር ታካሚዎች ይጠበቁ የነበረ ሲሆን፣ አንድም አልተገኘም። የክትትሉ ዘመን ገና አጭር በመሆኑና ቁጥሩም ትንሽ በመሆኑ ውጤቱ የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ ሆኖም ለሌላ ምክንያት በተከፈተ ሆድ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ጨምሮ የሚሠራ ሥራ ይህን ያህል ተስፋ ማሳየቱ ፖሊሲ አውጪዎች በቸልታ የሚያልፉት አይደለም።

የዘረመሉ ምርመራ ፋይዳም ከዚሁ የሚተናነስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 እና በ1995 የተለዩት ብራካ 1 እና ብራካ 2 የተባሉት ዘረመሎች የተጎዳ የዘር ቅንጣትን የሚጠግኑ ሲሆኑ፣ በእነርሱ ላይ የሚወረስ ጉድለት ያለባት ሴት በኦቫሪ ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከሌላው ሕዝብ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ከ1,001 ታካሚዎች መካከል 14 በመቶ ያህሉ ይህ ጉድለት እንዳለባቸው ሲያረጋግጥ፣ ከእነዚህም 44 በመቶ ያህሉ በቤተሰባቸው ውስጥ በሽታው መኖሩን የሚያመለክት ታሪክ አልነበራቸውም። በመሆኑም «በቤተሰብሽ የታመመ ሰው አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ተጋላጮችን አይለይም፤ ታካሚዋን መመርመር፣ ጉድለቱ ከተገኘም እህቶቿንና ልጆቿን ማስመርመር ያስፈልጋል። ለታካሚዋ ራሷም ጥቅም አለው፦ ኦላፓሪብ የተባለው እንክብል የብራካ ጉድለት ኖሮባቸው ለኬሞቴራፒ ጥሩ ምላሽ ለሰጡ ታካሚዎች እስከ ሁለት ዓመት ሲሰጥ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ 67 በመቶው በሕይወት ሲገኙ መድኃኒቱን ካልወሰዱት መካከል የተገኙት 46.5 በመቶ ነበሩ።

መከላከልና ዘረመል ያልደረሱላት ሴት ግን ታማ መምጣቷ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ወሳኙ ጉዳይ የጤና ሥርዓቱ እንዴት ይቀበላታል የሚለው ነው። ሆድ መነፋት፣ ጥቂት በልቶ ቶሎ መጥገብ፣ የሆድና የዳሌ ሕመም፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት ዋና ዋናዎቹ ምልክቶች ሲሆኑ፣ አዲስ ከሆኑና በወር ከ12 ቀን በላይ ከተመላለሱ ሊያሳስቡ እንደሚገባ እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ባርባራ ጎፍና ባልደረቦቿ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የብሪታንያ የሕክምና መመሪያም እንዲህ ያለ ምልክት ላላት ሴት፣ በተለይ ከ50 ዓመት በላይ ከሆነች፣ ሲኤ 125 እንዲለካ፣ ውጤቱ 35 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አልትራሳውንድ እንዲከተል አዝዟል። ለጤነኞች በጅምላ ያልሠራው ምርመራ ምልክት ላላት ሴት ተገቢ የሚሆነው በእርሷ ላይ በሽታው የመገኘት ዕድሉ ከፍ ስለሚል ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ትምህርት የራሱ መልክ አለው። ሆዷ የተነፋና ምግብ አልወርድ ያላት ሴት አብዛኛውን ጊዜ «ጨጓራ ነው» ተብላ የጨጓራ መድኃኒት ይዛ ትመለሳለች፤ ሆዷ ውኃ ሲቋጥር ደግሞ የሆድ ቲቢ ይጠረጠራል። ጥርጣሬው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ የሆድ ቲቢም ውኃ ያስቋጥራል፣ ሲኤ 125ንም ያስጨምራል። ሁለቱን የሚለየው የናሙና ምርመራ በመሆኑ፣ የፓቶሎጂ አገልግሎት በሌለበት ቦታ የደም ምርመራው ብቻ ሊያሳስት ይችላል። ከዚህም ሌላ የማህፀን በር ቅድመ ምርመራ ያደረገች ሴት «ከማህፀን ካንሰር ነጻ ነኝ» ብላ የምታስብበት ሁኔታ ሰፊ ነው፤ ያ ምርመራ ግን የኦቫሪ ካንሰርን አያሳይም፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ማብቂያ ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠው የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ የኤችፒቪ ክትባትም አይከላከለውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ይህን ልዩነት በግልጽ እንዲያስተምሩ፣ ከላይ የተዘረዘሩትን ምልክቶች ደግሞ ወደ ሆስፒታል የመላኪያ መስፈርት አድርገው እንዲይዙ ማድረግ አዲስ ማሽን የማይጠይቅ የፖሊሲ እርምጃ ነው።

በሕክምናው በኩልም እንዲሁ ነው። በአገሪቱ የካንሰር ሕክምና ሲነሳ በቅድሚያ የሚታሰበው ለረጅም ዘመን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ተወስኖ የቆየው የጨረር ሕክምና ሲሆን፣ መስፋፋቱ ለማህፀን በርና ለጡት ካንሰር ታላቅ ጥቅም አለው። የኦቫሪ ካንሰር ሕክምና ግን በዋናነት የሚያርፈው በሦስት ሌሎች ምሰሶዎች ላይ ነው፦ የሚታየውን ዕጢ ሁሉ ለማውጣት በሠለጠነ የቀዶ ሐኪም፣ በዓለም የጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ በሚገኙት በካርቦፕላቲንና በፓክሊታክሰል፣ እንዲሁም የበሽታውን ዓይነት በሚለይ ፓቶሎጂ ላይ። ታላላቅ የአውሮፓ ጥናቶች በሽታው በሰፊው ለተሰራጨባቸው ታካሚዎች መጀመሪያ ኬሞቴራፒ ሰጥቶ ቀጥሎ ቀዶ ሕክምና ማድረግ በቀዶ ሕክምና ከመጀመር ያላነሰ ውጤት እንዳለው ስላሳዩ፣ ታካሚዋ በቂ ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል እስክትደርስ ሕክምናው ሳይቋረጥ ሊጀመር ይችላል፤ ይህ ግን መድኃኒቱ በየሦስት ሳምንቱ ሳይጠፋ መገኘቱን ይጠይቃል። በጥቁር አንበሳና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የተጀመረው የማህፀን ካንሰር ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና ትክክለኛ መንገድ ነው፤ ሥልጠናው ያለ መድኃኒት አቅርቦትና ያለ ፓቶሎጂ ግን ግማሽ መንገድ ሆኖ ይቀራል።

ይህን መከራከሪያ የሚቃወሙ ሁለት ሐሳቦች ተገቢ ምላሽ ይሻሉ። አንደኛው፣ በደም ውስጥ የሚገኙ የካንሰር ዘረመል ስብርባሪዎችን የሚያነቡ አዳዲስ ምርመራዎች እየመጡ ስለሆነ የቅድመ ምርመራ ተስፋ መቀበር የለበትም የሚል ነው። ምርምሩ መቀጠሉ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የብሪታንያው ጥናት ያስተማረው ማንኛውም አዲስ ምርመራ ዕጢውን ቀድሞ በማግኘቱ ሳይሆን ሞትን በመቀነሱ መመዘን እንዳለበት ነው። ሁለተኛው፣ ውስን ገንዘብ ያለው አገር የጡትና የማህፀን በር ካንሰርን ትቶ ወደዚህ መዞር የለበትም የሚል ነው። እዚህ የቀረቡት እርምጃዎች ግን ከእነዚያ የሚሻሙ አይደሉም፤ የፓቶሎጂ ላቦራቶሪው፣ የመድኃኒት አቅርቦቱና የቀዶ ሐኪሙ ለሁሉም የጋራ ናቸው፣ ቱቦ ማስወጣቱም በቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ውስጥ ቋሚ ዘዴ ለመረጠች ሴት የሚቀርብ አማራጭ ነው። አማራጩ ሲቀርብም ውሳኔው የሴቲቱ መሆኑ፣ መውለድን ለዘለቄታው እንደሚያቆምም በሚገባት ቋንቋ ሊነገራት ይገባል።

ስለዚህ የጤና ባለሥልጣን ስለ ኦቫሪ ካንሰር የሚያቅደውን ሥራ በምርመራ ዘመቻ ብዛት መለካት ቢያቆም የተሻለ ነው። መለኪያዎቹ ሌሎች ናቸው፦ ምልክት ከታየበት ቀን እስከ ናሙና ውጤት ስንት ሳምንት እንደሚያልፍ፣ ከታካሚዎች ስንቶቹ በሠለጠነ እጅ ቀዶ ሕክምና እንዳገኙና ኬሞቴራፒውን ሳያቋርጡ እንደጨረሱ፣ ስንት ተጋላጭ ቤተሰቦች እንደተለዩ፣ በመጨረሻም ስንት ሴቶች እንደሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመውን የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ የመሰሉ መዝገቦችን በየክልሉ ማጠናከር የሚያስፈልገው እነዚህን ቁጥሮች ለማወቅ ነው። ከ280 ሺህ የሚበልጡ ሴቶች በፈቃደኝነት ዓመታትን ሰጥተው ለዓለም ያበረከቱት እውቀት የሚከበረው፣ ገንዘቡና የሰው ኃይሉ ሞትን ይቀንሳሉ ተብለው በማስረጃ ወደተደገፉት ሥራዎች ሲዞር ነው።