«ቤት ወስዳችሁ አሻሹት» ሕክምና አይደለም

ዛሬ ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ታገሱኝ።

ስትሮክ የመታው አባት ከሆስፒታል ሲወጣ፣ እዚህ ቱላ ላሉ ልጆቹ የሚሰጣቸው የግፊት መድኃኒትና «ቤት ወስዳችሁ አሻሹት» የሚል ምክር ነው። እኔም ብዬ አውቃለሁ። አልጋ ይጠበቃል፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ይባልና ይታለፋል። ካርዱ ላይ «ተሻሽሎ ወጣ» ተብሎ ይጻፋል።

ከሳምንታት በኋላ ያው ሰው ትከሻው ወልቆ፣ መቀመጫው ቆስሎ በባጃጅ ተጭኖ ይመጣል። የሰለለው ወገን ጡንቻ ስለሚላላ፣ ሰውየውን በዚያ እጁ ጎትቶ ማንሳት ትከሻውን ያወልቀዋል። ወጌሻ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ልጆቹ ምን አጠፉ? ማን አሳያቸው?

«ቤተሰብን ማሠልጠን ነዋ!» ይሉኛል ባልደረቦቼ። እኔም አምኜበት ነበር። ሕንድ ውስጥ በ14 ሆስፒታሎች፣ በ1,250 የስትሮክ ታካሚዎች ላይ ተሞከረ፤ ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ወጣ። በስድስተኛው ወር ቤተሰባቸው ሠልጥኖ ቤት ያሠራቸውና ያልሠለጠነላቸው እኩል ሆነው ተገኙ። በሁለቱም በኩል ግማሽ ያህሉ ወይ ሞቷል፣ ወይ የሰው እጅ ጠባቂ ሆኗል። ልጅ የቱንም ያህል አባቱን ቢወድ ፊዚዮቴራፒስት አይሆንም።

«በቶሎ ይነሳ» የሚለውም በ2,104 ታካሚዎች ተፈትኗል (2015 እ.ኤ.አ.)። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ደጋግሞ ማስነሳት ውጤቱን አባሰው እንጂ አላሻለውም። ማን ይገምት ነበር?

ይህ ሁሉ የታወቀው፣ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር ታካሚውን ፈልጎ «ራስህ ትበላለህ? ሽንት ቤት ትሄዳለህ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ስለነበረ ነው። እኔ ያነበብኳቸው አብዛኞቹ የአገራችን ጥናቶች ግን ስንት ሰው ተኝቶ እንደታከመና ስንት እንደሞተ ቆጥረው፣ የሆስፒታሉ በር ላይ ያቆማሉ። ከበሩ ወዲያ ያለውን ኑሮ ማን ይቁጠር? ሳይቆጠርስ የትኛው ኃላፊ ለፊዚዮቴራፒስት በጀት ይይዛል?

«ጊዜው አልፏል» የሚለውንም አልቀበልም። አሜሪካ ውስጥ ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው፣ እጃቸው ጥቂት የሚንቀሳቀስ 222 ሰዎች ተጠንተው ነበር። ደህናው እጃቸው ተሸፍኖ ለሁለት ሳምንት በደካማው ብቻ በብርቱ የሠሩት ተሻሻሉ፤ መሻሻሉም ከዓመት በኋላ አልጠፋም።

ስለዚህ ቤተሰቦች፣ የመውጫ ወረቀት ሲሰጣችሁ ተቀብላችሁ ብቻ አትሂዱ። እንዴት እንደምታገላብጡት፣ እንዴት እንደምታስቀምጡት፣ እንዴት እንደምታጎርሱት በእጃችን አሳዩን በሉ። ፊዚዮቴራፒ የት እንደሚጀምርና የቀጠሮው ቀን በጽሑፍ ይሰጣችሁ። ሐኪሙ ቢቆጣም ጠይቁ። እኔም ብሆን።