ብቻውን የሚኖር ወገናችንና የመብራት ሂሳቡ

ስለ ጸሎትና ስለ ቃሉ በምንነጋገርበት ቦታ ዛሬ ስለ መብራት ሂሳብ ማንሳታችን አንዳንዶቻችሁን ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን የቤት ለቤት ኅብረት የሚመራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በየሳምንቱ ከሚቀርቡልን የጸሎት ርዕሶች ብዙዎቹ ዞረው ዞረው ከቤት ኪራይ፣ ከመብራትና ከውሃ ክፍያ ጋር የተያያዙ ናቸው። «ጌታ መንገድ ይክፈትልሽ» ብለን ጸልየን ከወጣን በኋላ እህታችን ወደዚያችው ቢል ትመለሳለች።

እዚህ አቃቂ ቃሊቲ ብቻውን የሚኖር ሰው ብዙ ነው። ከክፍለ ሀገር መጥታ በፋብሪካ የምትሠራና በአንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየች እህት አለች። ልጆቻቸው አድገው የወጡላቸው፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጡረተኛ አባት አሉ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በስቱዲዮ የሚኖሩ፣ ባለቤታቸው ያረፉባቸው እናት አሉ። የእነዚህ ወገኖች ችግር ገቢያቸው ማነሱ ብቻ አይደለም። ብቻ መሆን ራሱ ወጪ አለው። ምጣድ ለስድስት ሰው ቤትም ለአንድ ሰው ቤትም የሚግለው እኩል ነው፤ አምፖልም እንደዚሁ። በመክብብ 4፥11 ላይ ጥበበኛው አብረው የሚተኙ ሁለት ሰዎች እርስ በርስ እንደሚሟሟቁ ካነሳ በኋላ ብቻውን ያለው ሙቀት ከየት ያገኛል ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥቅስ ብዙ ጊዜ በሠርግ ላይ እንሰብከዋለን። ለብቸኛው ሰው ግን የቀረበለት ጥያቄ አሁንም መልስ ይፈልጋል።

መጀመሪያ መብራቱ የት እንደሚሄድ እንይ፤ ቁጠባ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚነገረን ምክር ምንም የማይረባ ነውና። «የስልክ ቻርጀር ከሶኬት ንቀሉ» ይባላል። ስልክ በየቀኑ ቻርጅ ማድረግ በወር አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ትልቁ ወጪ ሙቀት የሚያወጣው ነገር ላይ ነው። 1000 ዋት የሆነ ስቶቭ በቀን አንድ ሰዓት ቢሠራ በወር 30 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። 3500 ዋት አካባቢ የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ በወር 21 ይሆናል። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ሲወስድ፣ ባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፖል ግን ለዚያው ሰዓት አንድ ከሩብ ከፍ የሚል ብቻ ነው የሚወስደው። አምፖል መቀየር ይጠቅማል፤ አንድ ጊዜ ወጪ ሆኖ ያርፋል። ከዚያ በኋላ በጨለማ መቀመጥ አያስፈልግም። አሮጊት እናት ለአንድ ኤል ኢ ዲ አምፖል ብለው በጨለማ ሲንቀሳቀሱ ቢወድቁ፣ ያተረፉት የሳንቲም ጉዳይ ነው፤ የወደቁበት ግን ዳሌ ሊሰብር ይችላል።

ስለዚህ ብቻውን የሚኖር ሰው ዓይኑን ስቶቩ ላይ ያድርግ። ባቄላ፣ ሽንብራ፣ ምስር ከሌሊቱ ጀምሮ ቢዘፈዘፍ የመብሰያው ጊዜ በጣም ያጥራል። ጠዋት አንድ ጊዜ ውሃ አፍልቶ በፔርሙዝ የሚያስቀምጥ ሰው ለሻይ ሦስት ጊዜ ስቶቭ አይለኩስም። ድስት ሲከደን፣ የድስቱ ቂጥ ከስቶቩ ጋር ሲመጣጠን፣ ወጡ ሊደርስ ሲል ስቶቩን አጥፍቶ በያዘው ግለት ማስጨረስ ሲለመድ፣ ከአንድ ሰዓቱ ሃያ ደቂቃ ማትረፍ አይከብድም። ይህ በወር 10 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ብዙ ሰው ግን ቴሌቪዥን በማጥፋት ነው የሚጨነቀው።

ይህ ቁጥር ለምን ይጠቅመናል? የቤት መብራት ዋጋ በደረጃ የተከፈለ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ቀጥሎ እስከ 100፣ ከዚያ እስከ 200 እያለ ከ500 በላይ ድረስ ይሄዳል። ደረጃው ከፍ ሲል የእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። በ2011 ዓ.ም. ታሪፉ ሲሻሻል ከ50 በታች የሚጠቀመው ቤት ጭማሪው እንዳይነካው ተደርጎ ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት የሚዘልቅ ታሪፍ ሥራ ላይ ውሏል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ደስ ብሎን ዘምረናል፤ ጌታን አመስግነናል። ሆኖም ግድቡ ስለተመረቀ ቢል ይቀንሳል ብሎ የሚጠብቅ ወገን በታሪፉ ጭማሪ ወገቡ እንዳይሰበር ከወዲሁ ይወቅ። (ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤል የሚገኘው ከእኛው አቅራቢያ፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው። ከመብራት ምንጭ አጠገብ መኖር ቢል እንደማይቀንስ ከጥንትም እናውቃለን።)

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። ከላይ ያልነውን ሁሉ የምታደርግ እህት፣ ኤል ኢ ዲ አምፖል፣ ስልክ፣ ትንሽ ቴሌቪዥንና ስቶቭ ይዛ በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት አትሞላም። የራሷ ቆጣሪ ቢኖራት ከሁሉ ርካሹ ደረጃ ላይ ትቆይ ነበር። ግን የራሷ ቆጣሪ የላትም። አምስት ክፍል ባለበት ግቢ አንድ ቆጣሪ ነው ያለው። አምስቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው 40 ቢጠቀሙ ቆጣሪው 200 ይቆጥራል። አምስት ድሃ ቤቶች በወረቀት ላይ እንደ አንድ ሀብታም ቤት ይታያሉ። በዚህ ላይ ደግሞ አከፋፈሉ አለ። በአንዳንድ ግቢ ሂሳቡ በክፍል እኩል ይካፈላል፤ በሌላው «አምፖል አንድ ይህን ያህል፣ ስቶቭ ይህን ያህል፣ ምጣድ ይህን ያህል» ተብሎ ቁርጥ ዋጋ ይወጣል። እኩል ሲካፈል ምጣድና ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ምንም የሌላትን እህት ያስከፍላታል። ቁርጥ ዋጋ ሲወጣ ደግሞ ተሰብስቦ የሚገኘው ገንዘብ ከቢሉ የሚበልጥበት ጊዜ አለ፤ ትርፉ የት እንደሚገባ ማንም አይጠይቅም፤ የጠየቀ «ካልተመቸህ ውጣ» ይባላል።

ወገኖች፣ በዚህ ነገር ላይ ዝም ማለት አንችልም፤ ከእነዚህ ግቢ ባለቤቶች መካከል በእሁድ ጠዋት ከእኛ ጋር እጃቸውን አንስተው የሚያመልኩ አሉና። ዘሌዋውያን 19፥35-36 ስለ መስፈሪያና ስለ ሚዛን ትክክለኛነት ሲያዝዝ፣ ምክንያቱን ከግብፅ ከማውጣት ጋር ያያይዘዋል። ምሳሌ 11፥1 ሐሰተኛ ሚዛንን እግዚአብሔር እንደሚጸየፈው ይናገራል። በዘመናችን ቆጣሪ ሚዛን ነው። አማኝ የሆነ አከራይ ቢሉ በመጣ ቁጥር ወረቀቱን ወይም የቴሌብሩን መልእክት ለተከራዮቹ ሁሉ ያሳይ። በኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች የሚሸጡ በየክፍሉ የሚገጠሙ ትንንሽ ቆጣሪዎች አሉ፤ አቅሙ ያለው ያስገጥም። አቅሙ የሌለው ደግሞ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ዋት ከሚሠራበት ሰዓት ጋር አባዝቶ፣ ከተከራዮቹ ጋር ቁጭ ብሎ ያስላ። አንድ ምሽት ይበቃል። ከተከራዩ ላይ በመብራት የሚተርፍ ገንዘብ ወደ መባ ሣጥን ቢገባ እንኳ ንጹሕ አይሆንም ብለን እናምናለን።

ለተከራይም የምንለው አለን። «እኔንም እየዘረፉኝ ነው» በሚል ሰበብ ከምሰሶ ሽቦ መቀጠል ወይም ቆጣሪን ማለፍ መፍትሔ አይደለም። ሰው ይገድላል፤ ቤት ያቃጥላል፤ ስርቆትም ነው። ሮሜ 13፥7 የሚገባውን ለሚገባው እንድንሰጥ ያዛል፤ ድህነትን ነጥሎ አያወጣም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራን ግን ሌላ ቁጠባ ነው። መብራት ላለማስቆጠር ብሎ፣ ወይም መብራት ሲጠፋ፣ በር ዘግቶ ከሰል በክፍል ውስጥ ማንደድ። በከሰል ጭስ ታፍነው የሚሞቱ ሰዎች ዜና በየክረምቱ እንሰማለን። ጋዙ ሽታ የለውም፤ እንቅልፍ ይመስላል። ቤተሰብ ባለበት ቤት አንዱ ነቅቶ ሌላውን ሊያወጣ ይችላል። ብቻውን የሚኖር ሰው የሚነቅልለት የለም። ከሰል የግድ ከሆነ ውጭ ይቀጣጠል፣ ውጭ ይብሰልበት፤ እሳቱ ያለቀ የሚመስል ፍም እንኳ ወደ መኝታ ክፍል አይግባ። ይህን በየኅብረቱ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ።

ስለ ውሃ ብዙ አንልም። የአቃቂ ጉድጓዶች ለከተማዋ ብዙ ውሃ ያቀርባሉ፤ እኛ ግን በፈረቃ ጀሪካን እንሞላለን። የውሃ ታሪፍም እንደ መብራቱ በደረጃ ነው፤ ስለዚህ በጋራ ቆጣሪ ላይ ያልነው ሁሉ ለውሃም ይሠራል። የሚንጠባጠብ ቧንቧና ሳይታወቅ የሚያፈስ የሽንት ቤት ጋን ግን በአንድ ጎማ ማሸጊያ ስለሚታሰር ለወራት ባይቆይ መልካም ነው። ዮሐንስ 6፥12 ላይ ጌታ አምስት ሺህ ሰው ካጠገበ በኋላ የተረፈውን ቁርስራሽ አሰብስቧል። ተአምር ማድረግ የሚችለው ጌታ ፍርፋሪ እንዲባክን አልፈቀደም። ቁጠባን የእምነት ማነስ አድርገው የሚሰብኩ ሰዎች ይህን ክፍል ቢያነቡት እንወዳለን። የመብራት ክፍያዋን «ዘር» ብላ እንድትሰጥ የምትገፋ እህት ካለች፣ ቢሏን ከፍላ ከተረፋት ትስጥ ብለን በግልጽ እንመክራለን።

ለብቸኛው ሰው ሙቀት ከየት ይምጣ ወደሚለው ጥያቄ ስንመለስ፣ መልሱ በአንድ ሰው ቤት ውስጥ አይገኝም። አንድ ምጣድ ለመጋል ሩብ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ይህ ብቻ ወደ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። ሦስት እህቶች በየቤታቸው ለየብቻ ሲጋግሩ ሦስት ጊዜ ያግላሉ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ምጣድ፣ ተከታትለው ቢጋግሩ አንድ ጊዜ ብቻ ያግላሉ፤ በወር ወደ 7 ኪሎዋት ሰዓት ያተርፋሉ፤ ሁለቱም ምጣድ መግዛት አይጠበቅባቸውም። ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምጣዱ ያለበት ቤት ቆጣሪ ላይ ስለሚቆጥር፣ የቤቷን ባለቤት ደረጃ እንዳያስጨምሩባት ድርሻቸውን በየሳምንቱ በእጇ ይስጧት። «እህቴ ናት፣ ዝም ትላለች» ማለት ፍቅር አይደለም። የምንበላው እንጀራ በሌላው ቢል ላይ እንዳይጋገር እንጠንቀቅ። በዚያው ቀን ቡና ቢፈላ፣ ቃሉ ቢነበብ፣ ሳምንቱን ሙሉ ማንም ያላናገራት እህት ቤት ውስጥ የሰው ድምፅ ይሰማል። ይህን ደግሞ ቆጣሪ አይቆጥረውም።

ሁለተኛው ነገር ለወጣቶቻችን ነው። ሽማግሌዎችና ዲያቆናት የቸርነት አገልግሎት ሲያስቡ ብዙ ጊዜ የሚታያቸው በበዓል ዘይትና ዱቄት ማከፋፈል ነው። መልካም ነው፤ ይቀጥል። ከዚያ ጋር ግን በአጥቢያው ብቻቸውን የሚኖሩትን አባቶችና እናቶች ስም ይዘው፣ በወር አንድ ቅዳሜ ሁለት ሁለት ሆነው ይውጡ። ያዕቆብ 2፥15-16 የሚወቅሰው የሚለብሱትና የሚበሉት ለሌላቸው «በደኅና ሂዱ» ብሎ ባዶ እጅ ማሰናበትን ነው። ለዚህ ጉብኝት የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፤ ጠመንጃ መፍቻ፣ ሁለት ኤል ኢ ዲ አምፖል፣ አንድ ደብተርና ቴሌብር ያለው ስልክ። የቆጣሪውን ቁጥር በየወሩ በዚያው ቀን አንብበው በደብተሩ ላይ ከቀኑ ጋር ይጻፉ፤ ቢሉ ሲመጣ ያመሳክሩ። ንባብ ተዘልሎ የብዙ ወር ሂሳብ በአንድ ጊዜ ቢደመር፣ እማማ ወደ ቢሮ ይዘው የሚሄዱት ያ ደብተር ነው። የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ይሰሩ። መልእክት ማንበብ ለማይችሉ እናት ክፍያውን በጊዜው ይክፈሉላቸውና የከፈሉትን በደብተሩ ላይ በግልጽ ይጻፉ፤ ብር ያስረከቡ ሰው ደረሰኝ ማየት ይገባቸዋል። ሲወጡም ቤቱ ውስጥ ከሰል ማንደጃ ካለ የት እንደሚቀመጥ ይጠይቁ።