ተመርጦ የሚወርድ ሶሻሊስት

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። «ሶሻሊዝም» የሚለው ቃል ሲነሳ በእኛ በኢትዮጵያውያን ዘንድ የሚሆነውም ይኸው ነው። ቃሉ ለአንዱ የተወረሰ የአባት ቤት፣ ለሌላው የቀበሌ እስር ቤት፣ ለሦስተኛው ደግሞ ወጥቶ የቀረ ወንድም ነው። ስለዚህ ራሳቸውን ዴሞክራቲክ ሶሻሊስት ብለው የሚጠሩት የ34 ዓመቱ የካምፓላ ተወላጅ ዞህራን ማምዳኒ በኖቬምበር 2025 የኒውዮርክ ከንቲባ ሆነው ሲመረጡ፣ «ከዚያ ሸሽተን መጥተን እዚህም ተከተለን?» የሚል ወገን ቢኖር አያስደንቅም። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመናቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ፍርሃት አላቃልለውም። ነገር ግን ብዙዎቻችን ዛሬ በዚህ አገር ድምፅ የምንሰጥ ዜጎች ነን። ድምፅ የሚሰጥ ሰው ደግሞ በቃል ደንግጦም ሆነ በቃል ተማርኮ ሊወስን አይገባውም።

ለመሆኑ እነዚህ እጩዎች እነማን ናቸው? አብዛኞቹ በ1982 ከተመሠረተው «የአሜሪካ ዴሞክራቲክ ሶሻሊስቶች» ከተባለው ድርጅት ጋር የተያያዙ ናቸው። ድርጅቱ ፓርቲ አይደለም፤ አባላቱ ባመዛኙ በዴሞክራቲክ ፓርቲ የማጣሪያ ምርጫ ገብተው ይወዳደራሉ። አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ ኮርቴዝ በ2018 ነባሩን የምክር ቤት አባል ጆ ክራውሊን ያሸነፉት በዚህ መንገድ ነው። በርኒ ሳንደርስ ግን በ1981 የበርሊንግተን ከንቲባ የሆኑት በግል ተወዳድረው፣ በ10 ድምፅ ብልጫ ብቻ ነበር። ማምዳኒ በተመረጡበት ወር ደግሞ ሶሻሊስትነታቸውን የማይደብቁት ኬቲ ዊልሰን ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሲያትል የነበሩትን ከንቲባ በጠባብ ልዩነት አሸንፈዋል።

መራጭ ያገኙት በማርክስ መጻሕፍት አይደለም። በ2021 የኒውዮርክ ታክሲ ነጂዎች ለታክሲ ፈቃድ የተበደሩት ዕዳ ቢያንቃቸው ለ15 ቀናት የረሃብ አድማ መቱ፤ ያን ጊዜ የስቴቱ ምክር ቤት አባል የነበሩት ማምዳኒም አብረዋቸው ጾሙ። በመጨረሻም ከተማው ዋስ ሆኖ ዕዳው እንዲቀነስ ስምምነት ተደረሰ። መሪ ይዞ ልጆቹን ያሳደገ ወገን የዚህን ትርጉም ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ነገሩም አዲስ አይደለም። የሚልዋኪ ከተማ ከ1910 እስከ 1960 ባለው ዘመን ሦስት ሶሻሊስት ከንቲባዎችን መርጣለች። ከእነዚህ አንዱ ዳንኤል ሆአን 24 ዓመት ከንቲባ ነበሩ። የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች ሳይቀሩ «የፍሳሽ ቦይ ሶሻሊስቶች» እያሉ ያፌዙባቸው ነበር፤ ስለ አብዮት ከማውራት ይልቅ ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ መናፈሻና ስለ ፍሳሽ ማስወገጃ ያወሩ ነበርና። እኔ መሐንዲስ ነኝና ስድቡን እንደ ምስጋና እቆጥረዋለሁ። በ1920ዎቹ አጋማሽ ሥራ የጀመረው የከተማዋ የፍሳሽ ማጣሪያ ተረፈ ምርት «ሚሎርጋናይት» በሚል ስም የሣር ማዳበሪያ ሆኖ ለአሥርተ ዓመታት ተሸጧል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው፦ ሆአን በ1940 በምርጫ ሲሸነፉ ቢሮአቸውን አስረክበው ወጡ።

ከእኛ ታሪክ ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ደርግ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ኅብረተሰባዊነትን ሲያውጅ፣ በሐምሌም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ይህንን መንግሥት ለማውረድ ጦርነትና 17 ዓመት ጠየቀ። እዚህ ግን በ2021 በበፋሎ የማጣሪያውን ምርጫ ያሸነፉት ኢንዲያ ዋልተን፣ መራጩ የነበሩትን ከንቲባ ስም በእጁ እየጻፈ በኖቬምበር አሸነፋቸው። በ2024 ጀማል ቦውማንና ኮሪ ቡሽ፣ ተቃዋሚ ቡድኖች ብዙ ሚሊዮን ዶላር ባፈሰሱበት ፉክክር የምክር ቤት መቀመጫቸውን አጡ። ውጤቱ ፍትሐዊ ነው አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ለማውረድ ግን ጥይት አላስፈለገም።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች የሚሉት ሁሉ ትክክል ነው ማለት ነው? አይደለም። የቀበሌ ቤትን እናስታውስ። በአዋጁ ኪራይ ሲቀነስ ተከራዩ ተደሰተ፤ መደሰቱም ተገቢ ነበር። ዳሩ ግን የሚሰበሰበው ገንዘብ ለጥገና አልበቃ ብሎ፣ ዓመታት ሲያልፉ የቀበሌ ቤት ማለት ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ማለት ሆነ። ማምዳኒ ኪራያቸው በሕግ በተገደበ አንድ ሚሊዮን ገደማ አፓርታማዎች ላይ ጭማሪ እንዲቆም ቃል ገብተው ተመርጠዋል። ይህ የቤት ውርስ አይደለም፤ ከንቲባው የሚሾማቸው የዘጠኝ ሰዎች ቦርድ በ2015፣ በ2016 እና በ2020 የአንድ ዓመት ውል ኪራይ እንዳይጨምር ወስኖ ያውቃል። ሆኖም ኪራይ በውሳኔ ሲቆም የቧንቧ፣ የማሞቂያና የጣሪያ ዋጋ አብሮ አይቆምም። ልዩነቱን ማን ይከፍላል? ጥያቄው ይህ ነው።

ነጻ አውቶቡስና ለሁሉም የሚዳረስ የሕፃናት መዋያም እንዲሁ ናቸው። አውቶቡሱን የሚያስተዳድረው ድርጅት የስቴቱ ነው። ከሚሊዮን ዶላር በላይ በሚያገኙት ላይ የገቢ ግብር ለመጨመርም ከንቲባው ሥልጣን የላቸውም፤ ቁልፉ ያለው ኦልባኒ ነው፤ ገዥዋ ካቲ ሆኩል ደግሞ በ2025 ጭማሪውን እንደማይደግፉ ተናግረዋል። ይህ የሥልጣን ክፍፍል ተስፋ ያደረገውን መራጭ ያናድዳል። የፈራውን ግን ሊያረጋጋው ይገባል።

እንግዲህ ሶሻሊስት ነኝ የሚል እጩ ደጃችንን ሲያንኳኳ በሩን መዝጋትም፣ አጨብጭቦ መቀበልም አያስፈልግም። ሦስት ነገር እንጠይቀው፦ ቃል የገባኸውን ለመፈጸም ሥልጣኑ አለህ? ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነው? ካልተሳካልህስ እንዴት እናወርድሃለን? ሦስተኛውን ጥያቄ የመጠየቅ መብት አገራችን ሳለን አልነበረንም። እዚህ ያገኘነውን መብት ደግሞ ሶሻሊስት ነኝ ባዩም ላይ፣ የሶሻሊስት ጠላት ነኝ ባዩም ላይ እኩል ልንጠቀምበት ይገባል።