መራራውን ወይን ስለሚበርዙ ሰዎች

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ጽሑፍ የምወቅሰው የማይጠጣውን ሰው አይደለም። እኔ ባደግሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት መጠጥ ሁሉ ክልክል ነበር፤ በጭሮ ካሉት ጎረቤቶቼም ብዙዎቹ ስለ ሃይማኖታቸው አይቀምሱትም፤ አከብራቸዋለሁ። የምወቅሰው እየጠጣ የማያውቀውን ነው።

ባለፈው ጥር እዚሁ ጭሮ (እኛ ሽማግሌዎቹ አሰበ ተፈሪ ማለቱን አልተውነውም) በአንድ ሰርግ ላይ ተገኝቼ ነበር። በኢጣልያ፣ በቬሮና አጠገብ በወይን እርሻ የሚሠራ የቀድሞ ተማሪዬ አማሮኔ የሚባለውን ቀይ ወይን ለሙሽራው አምጥቷል። ከሚዜዎቹ አንዱ ቀምሶ ፊቱን አጨማደደና «ይመራል፤ ተበላሽቷል» ብሎ ኮካ ኮላ ጨመረበት። ሌሎቹም ተከተሉት። ከዚያ በኋላ ጠርሙሱን ከፍ አድርገው ፎቶግራፍ ተነሡ። ጣዕሙን ጠሉት፤ ስሙን ግን ፈለጉት!

አማሮኔ መባሉ እኮ በአገሩ ቋንቋ «አማሮ» መራራ ማለት ስለ ሆነ ነው። ቫልፖሊቼላ በሚባለው ኮረብታማ አገር ኮርቪናና ሌሎችም የወይን ዓይነቶች በመስከረም ገደማ በእጅ ይለቀማሉ፤ ነፋስ በሚገባበት ሰገነትም እንደ ብቅል ስጥ ተዘርግተው ሦስትና አራት ወር ያህል ይደርቃሉ። ከክብደታቸው ሢሶው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ይጠፋል። አንዱ ፍሬ ቢሻግት ጎረቤቱን ስለሚያበላሽ ሠራተኛው እየተመላለሰ ያያቸዋል። በብርዱ ወራት ይጨመቃሉ፤ ብርዱም መፍላቱን ያዘገየዋል። መፍላቱ በመካከል ቢቆም ሬቾቶ የሚሉት ጣፋጭ ወይን ይሆናል፤ ስኳሩ እስኪያልቅ ቢጠበቅ ግን አማሮኔ ይወጣል። የአልኮሉ ኃይል ከመቶ 14 አያንስም፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይቈይም በዚህ ስም መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። የአገሩ መንግሥት በ2002 ዓ.ም. ከፍተኛውን የወይን ማዕረግ ሰጥቶታል። እንግዲህ ሚዜው በኮካ ኮላ የመለሰው ስኳር ገበሬው በስንት ትዕግሥት ያስወጣው ስኳር ነው።

ከሂርና እስከ ገለምሶ የብዙዎቻችን ኑሮ በጫት ነው። ቅጠሉ ሳይጠወልግ ገበያ ካልደረሰ ዋጋ የለውምና መሮጥን ጠንቅቀን ተምረናል። መጠበቅን ማን ያስተምረን?

እኔ አስተማሪ ነበርሁ፤ አላስተማርሁም። ይልቁንም ያን ተማሪ ከሠላሳ ዓመት በፊት በክፍሉ ልጆች ፊት አዋርጄዋለሁ። እናቱ ጠጅ እየጣለች ነበር የምታስተምረው። «የጠጅ ገንዘብ ርኩስ ነው» አልሁት። ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቤት ቀረ። ማሩ ከወዴት እንደሚመጣ፣ ጌሾው መቼ እንደሚገባ፣ ሴትዮዋ ስንት ሌሊት ተነሥታ ጋኑን እንደምታይ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። ስካርን መንቀፌን ዛሬም አልተውሁም፤ ነገር ግን ያን ቀን የነቀፍሁት ሰካራምን ሳይሆን ሠራተኛን ነው። ሚዜው አንድ ብርጭቆ አበላሸ፤ እኔ ግን ልጅ አሳፈርሁ።

ሰርጉ ሲበተን ተማሪዬ ወደ እኔ ቀርቦ «ጋሼ፣ ያልተበረዘ ትንሽ አስቀርቼልዎታለሁ» አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመስሁ። መጀመሪያ ዘቢብ ዘቢብ አለኝ፤ ጕሮሮዬን አሞቀው፤ በመጨረሻም ምላሴ ላይ እንደ ጌሾ ያለ ምሬት ቀረ።

«እናትህ ጠጁን የምትጥለው እንዴት ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። ድንኳኑ እስኪፈርስ ድረስ ነገረኝ።