የነርሲንግ ተማሪ ስለ አለርጂ ምን ይማር?

የፊዚክስ መምህር ስለ አለርጂ ብዕር ማንሳቱ ያለ ቦታው የገባ ያስመስለው ይሆናል። የነርሲንግ ተማሪዎች የሚወስዱትን መሠረታዊ የፊዚክስ ትምህርት ለዓመታት ሳስተምር ግን «ይህ ለሙያችን ምን ይጠቅመናል?» የሚል ጥያቄ ሳይቀርብልኝ ያለፈ ሴሚስተር የለም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እንደ አናፊላክሲስ፣ ማለትም በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል እንደሚችለው ከባድ አለርጂ፣ ግልጽ የሆነ መልስ እስካሁን አላገኘሁለትም።

ስለ በሽታ መከላከያ ሥርዓት የሚጻፉ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ ሥርዓቱን በከተማ ቅጥር ላይ በቆመ ዘብ ይመስሉታል። ምሳሌው ለኩፍኝና ለሳንባ ነቀርሳ ያገለግላል፤ አለርጂ ላይ ሲደርስ ግን ያነክሳል። ፈረንሳውያኑ ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲዬ አኔሞን ከተባለ የባሕር እንስሳ የተገኘ መርዝ ለውሾች በመውጋት ከመርዙ ጋር ሊያለማምዷቸው አስበው ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ የመጀመሪያውን መርፌ ተቋቁመው በጤና የቆዩ ውሾች ከሳምንታት በኋላ አነስተኛ መጠን ሲወጉ በደቂቃዎች ውስጥ ሞቱ። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1902 ክስተቱን አናፊላክሲስ፣ የመከላከል ተቃራኒ፣ ብለው ሰየሙት፤ ሪሼም በ1913 የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን በ1921 የታተመው ሙከራ ነው። ሃይንዝ ኩስትነር የበሰለ ዓሣ ሲበላ ሰውነቱ የሚቆጣ ሐኪም ነበር። ባልደረባው ካርል ፕራውስኒትዝ ከኩስትነር ደም የተወሰደ ሴረም በገዛ ቆዳው ውስጥ ተወጋ፤ በማግስቱ ከዓሣ የተዘጋጀ ፈሳሽ በዚያው ቦታ ሲጨመርበት ቆዳው ቀላ፣ አበጠም። በአንድ መርፌ አለርጂው በደም ውስጥ ባለ አንዳች ነገር እንደሚተላለፍ ታወቀ። ያ ነገር ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል መሆኑን ለመለየት ግን እስከ 1966 እና 1967 መጠበቅ ግድ ሆነ፤ በዴንቨር የኢሺዛካ ባልና ሚስት፣ በኡፕሳላ ደግሞ ዮሃንሰንና ቤኒክ በየፊናቸው ደረሱበት።

ይህ ፀረ እንግዳ አካል ማስት ሴል በሚባሉት ሴሎች ገጽ ላይ ተጣብቆ ይጠብቃል። ባዕዱ ነገር ዳግም መጥቶ ጎን ለጎን ያሉትን ሲያያይዛቸው ሴሉ ያከማቸውን ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎች ይለቃል። እስከዚህ ድረስ ባዮሎጂ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን በአመዛኙ የፈሳሽ ፊዚክስ ነው።

ፈሳሽ ወይም አየር በቀጭን ቱቦ ውስጥ በእርጋታ ሲያልፍ የሚገጥመው ተቃውሞ ከቱቦው ሬዲየስ አራተኛ ኃይል ጋር በተገላቢጦሽ ይዛመዳል። ሕጉ የፏዜይ ይባላል። (እኛ የፊዚክስ ሰዎች የራሳችን አድርገን እናስተምረዋለን እንጂ ፏዜይ የደምን ዝውውር ለመረዳት የተነሣ ሐኪም ነበር።) የአየር ቧንቧው ሬዲየስ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ አዋቂ ሰው ግድግዳው በ1 ሚሊ ሜትር ቢያብጥበት ተቃውሞው ወደ 3 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ሬዲየሱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ሕፃን ግን በዚያው የ1 ሚሊ ሜትር እብጠት ተቃውሞው 16 እጥፍ ይሆንበታል። ልጅ ከትልቅ ሰው ቀድሞ የሚታፈነው ስለዚህ ነው፤ አየሩ ሲናወጥ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይከፋል።

በደም ሥሮች ውስጥ ይኸው ሕግ በተቃራኒው ይሠራል። ትናንሾቹ የደም ሥሮች ሬዲየሳቸው በ10 በመቶ ብቻ ቢሰፋ ተቃውሞው በሲሶ ገደማ ይወርዳል፤ የደም ግፊቱም አብሮ ይወድቃል። በዚህ ላይ የደም ሥሮቹ ግድግዳ ማፍሰስ ይጀምራል። በ10 ደቂቃ ውስጥ በደም ሥር ካለው ፈሳሽ እስከ 35 በመቶ የሚደርስ ወደ ውጭ ሊወጣ ይችላል። ታማሚው አንዲት ጠብታ ደም ሳይፈሰው ደሙ እንደፈሰሰ ሰው ይሆናል።

አድሬናሊን የደም ሥሮቹን ያጠብባል፣ እብጠቱን ይቀንሳል፣ ሳንባ ውስጥ ያሉትን የአየር ቧንቧዎች ይከፍታል፣ ልብን ያበረታል፣ የማስት ሴሎችንም ልቀት ይገታል። ፀረ ሂስታሚን መድኃኒት ማሳከክንና ሽፍታን ከማስታገስ በቀር የወደቀውን ግፊት አያነሣም። ሃይድሮኮርቲዞን ለመሥራት ሰዓታት ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ቢታወቅም በአናፊላክሲስ የሞቱ ሰዎች ታሪክ በልዩ ልዩ አገሮች ሲመረመር አድሬናሊን የዘገየባቸው ወይም ከነጭራሹ ያልተሰጣቸው ይበዛሉ። ቦታውም ለውጥ ያመጣል፤ በ1998 በሕፃናት ላይ በተደረገ ጥናት በጭን ጡንቻ የተወጋው አድሬናሊን በደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ የደረሰው በአማካይ በ8 ደቂቃ ሲሆን ከቆዳ ሥር የተወጋው ግን በ34 ደቂቃ ነው።

የታማሚው አቀማመጥም ስሌት አለው። በቆመ ሰው አንጎል ከልብ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ይህን ከፍታ ለመውጣት ብቻ ደም 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚያህል ግፊት ያጣል። ጤነኛ ሰው ይህን አያስተውለውም፤ ግፊቱ 70 ለወረደ ሰው ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። እግሩ ከፍ ብሎ የተኛን ታማሚ «ተሻለው» ብሎ በድንገት ማስነሣት ልብን ባዶ ሊያስቀር ይችላል፤ እንዲህ ሲደረግ የሞቱ ሰዎች ተመዝግበዋል። መተንፈስ ያቃተው ይቀመጥ፤ እግሩን ግን ዘርግቶ።

የእኔ ቅሬታ ተማሪዎቻችን አራቱን የአለርጂ ዓይነቶች በቃላቸው ወርደው፣ ከዚህ ሰንሰለት አንዱን ቀለበት እንኳ ሳይጠየቁ ማለፋቸው ላይ ነው። «1 ለ1000» የሚለውን ጽሑፍ ወደ ሚሊ ግራም መለወጥ ያልለመደ ተማሪ ታማሚው ዓይኑ እያየ ሲደክም ሊለምደው አይችልም። 1 ግራም በ1000 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም በ1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ማለት ነው። በ«1 ለ10000» ከተለዋወጠ ስሕተቱ 10 እጥፍ ነው። አሜሪካውያን በዚሁ ሰበብ ከ2016 ጀምሮ ይህን አጻጻፍ ከአድሬናሊን ብልቃጥ ላይ አንሥተውታል፤ እኛም ከማስተማሪያ ጽሑፎቻችን ብናነሣው የሚቀርብን ነገር አይታየኝም።

ጉዳዩ በአገራችን ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባቸው ወጣቶች በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን መወጋት አለባቸው። መርፌው ግን ይፈራል፤ የሚፈራው ታማሚው ብቻ ሳይሆን ወጊውም ጭምር ነው። በ1991 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት 1,790 ታማሚዎችንና 32,430 መርፌዎችን ተከታትሎ ያገኘው አናፊላክሲስ 4 ብቻ ነበር፤ የሞተውም አንድ ሰው ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 ባወጣው ምክር ደግሞ የልብ ቫልቫቸው ክፉኛ በተጎዳ ሰዎች ላይ ከመርፌው በኋላ የሚደርሰው ሞት በአብዛኛው ከአለርጂ ይልቅ ከልብ ድካም የሚመነጭ ሳይሆን እንደማይቀር ገልጾ፣ ለእነዚህ ሰዎች የሚዋጠው ፔኒሲሊን እንዲታሰብ መክሯል። መርፌ ፈርቶ ራሱን የሚስት ወጣት ፊቱ ይገረጣል፣ የልብ ምቱ ይዘገያል፣ ሲተኛም ቶሎ ይመለሳል። በአናፊላክሲስ የተያዘው ብዙውን ጊዜ ምቱ ይፈጥናል፣ ቆዳው ይሽፈታል፣ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ሁለቱን ለይታ የምታውቅ ነርስ መርፌውን አትከለክልም፤ አድሬናሊኑን ግን ቁልፍ ካለው ቁም ሣጥን አውጥታ ፔኒሲሊኑ በሚሰጥበት ጠረጴዛ ላይ ታኖረዋለች፤ ሐኪም እስኪጠራ ሳትጠብቅ እንድትወጋም ሥልጣኑ በጽሑፍ ሊሰጣት ይገባል።

ለመጪው ፈተና ፈቃድ ቢሰጠኝ የማወጣው ጥያቄ ይህ ነው፦ 15 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን ፔኒሲሊን በተወጋ በ5 ደቂቃው ተሸፍቷል፣ ሲር ሲር ይላል፤ በእጃችሁ ያለው ብልቃጥ በ1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም አድሬናሊን ይዟል፤ መጠኑ ለ1 ኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም ነው። ስንት ሚሊ ሊትር ትስባላችሁ? የት ትወጋላችሁ? ሕፃኑንስ እንዴት ታስተኙታላችሁ?